መጀመሪያ ማን ይሳፈር?

በዚህ ወር ዓምዳችን ልናነሣ የፈለግነው ጉዳይ፣ ሰውን የጎዳ ወይም የገደለ መሣሪያ ምርመራ ተደርጎበትና ተስተካክሎ ወደ ሥራው ስለሚመለስበት ቀን ነው። አደጋ በደረሰ ጊዜ ሁላችንም እንደነግጣለን፣ እናለቅሳለን፣ ጋዜጣውም ሬዲዮውም ስለዚሁ ያወራል። ከዚያ በኋላ ወራት ያልፋሉ። አንድ ቀን በሩ ይከፈትና «ግቡ፣ ተሳፈሩ፣ አሁን ደህና ነው» ይባላል። ያን ቀን የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ለመሆኑ «አሁን ደህና ነው» ያለው ማን ነው? ምን አይቶ? ምንስ ተለወጠ?

ነገሩን ከጨዋታ መጀመር ይቀላል። በእንግሊዝ አገር ስታፎርድሸር በሚባለው ግዛት አልተን ታወርስ የተባለ ሰፊ የመዝናኛ ፓርክ አለ። በዚያ ካሉት መጫወቻዎች መካከል ስማይለር የሚባለው ሮለር ኮስተር ይገኛል። ሮለር ኮስተር ማለት ከፍ ዝቅ በሚልና በሚጠማዘዝ ሐዲድ ላይ ሰው ጭኖ የሚምዘገዘግ ሠረገላ ነው። ስማይለር በ2005 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሲከፈት ተሳፋሪውን 14 ጊዜ ቁልቁል እየደፋ የሚያዞር በመሆኑ በዓለም ላይ የሚስተካከለው አልነበረም። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ተሰልፎ፣ ለመፍራት ይሳፈራል። እኛ የአዲስ ቅዳም ሰዎች ለመፍራት ገንዘብ መክፈል ምን ይሉት ነገር ነው እንል ይሆናል፤ ሆኖም ፍርሃቱ ጨዋታ የሚሆነው ከሥሩ ያለው ብረት፣ ፍሬኑና ተቆጣጣሪው እውነተኛ ሲሆኑ ብቻ መሆኑን ማንም ያውቃል።

ግንቦት 25 ቀን 2007 ዓ.ም. ሠረገላው አሥራ ስድስት ሰዎች አሳፍሮ ሲወርድ፣ በሐዲዱ ላይ ቆሞ ከነበረ ሌላ ባዶ ሠረገላ ጋር ተላተመ። ብዙዎቹ ተጎዱ፤ ከነዚህም መካከል ሁለት ወጣት ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ እግራቸውን አጡ። ከመሬት ከፍ ብለው፣ በብረት ተጣብቀው፣ እነሱን ከዚያ ለማውረድ ከአራት ሰዓት በላይ ፈጀ። ለእርዳታ ሰጪዎች የተደወለውም ግጭቱ ከደረሰ ከ17 ደቂቃ በኋላ ነበር።

እንዴት ሊሆን ቻለ? የዚህ ዓይነቱ ሐዲድ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው። በአንደኛው ክፍል ውስጥ ሠረገላ ካለ፣ ሌላው ወደዚያ ክፍል እንዳይገባ ኮምፒውተሩ ያግደዋል። በዚያ ዕለት ለሙከራ የተላከው ባዶ ሠረገላ አቀበቱን መጨረስ አቅቶት መሐል ላይ ቀረ። ኮምፒውተሩም ሥራውን ሠራ፤ ከኋላ የሚመጣውን አቆመ። መሐንዲሶቹ ግን በሐዲዱ ላይ ስንት ሠረገላ እንዳለ ግራ ተጋብተው ነበር፤ ምክንያቱም በዚያው ቀን አንድ ተጨማሪ ሠረገላ ገብቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ተሳስቷል ብለው እገዳውን ሻሩት። ማሽኑ እውነቱን ተናግሮ ነበር፣ ሰው ግን አላመነውም።

ኩባንያው ጥፋቱ የሰው ስሕተት መሆኑን ገልጾ ነበር። «የሰው ስሕተት» የሚለውን ቃል እንደሰማን ጆሯችንን ቀና ማድረግ አለብን። ቃሉ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በሩን ለመዝጋት ያገለግላል። ጉዳዩን የመረመረው የእንግሊዝ የጤናና የደህንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትና ዳኛው አልፈው ጠየቁ። እገዳ ሲሻር ምን መደረግ እንዳለበት ለሠራተኞቹ የተዘረጋ ሥርዓት ነበርን? አልነበረም። የአምራቹን መመሪያ አንብበውት ነበርን? አላነበቡትም። ነፋሱስ? አምራቹ ነፋሱ በሰዓት ከ34 ማይል፣ ይኸውም ከ55 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለፈ እንዳይነዳ አስጠንቅቆ ሳለ፣ የዚያን ቀን ነፋስ ከዚያ በላይ ነበር። እንግዲህ ቁልፉን የነካው እጅ የመጨረሻው ነበር እንጂ የመጀመሪያው አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለናል። ከ950 ዓመታት በላይ በፊት ያለፉት የባግዳዱ ዓሊም ኢማም አል-ማወርዲ ስለ አስተዳደር በጻፉት ታዋቂ ኪታብ ውስጥ የሙሕተሲቡን፣ ማለትም የገበያና የአደባባይ ተቆጣጣሪውን ሥልጣን ይዘረዝራሉ። ከሥልጣኖቹ አንዱ የመርከብ ባለቤቶችን ከአቅም በላይ እንዳይጭኑ መከልከል ነው። ሌላው ደግሞ ነፋሱ ሲበረታ መርከብ እንዳይነሣ መከልከል ነው። ይህን ኪታብ ስንቀራ ስለ ሚዛንና ስለ ስፍር ያለውን ክፍል በጥሞና እናነባለን፤ የመርከቡን ግን አልፈነው እንሄዳለን፣ ባሕር የለንማ! ነገር ግን ሸይኹ የሚሉን ግልጽ ነው፤ ተሳፋሪው ነፋሱን የመለካት ዕዳ የለበትም፣ የሚለካለት ሹም ሊኖር ይገባል።

ወደ ስማይለር እንመለስ። መጫወቻው ከዘጠኝ ወር በላይ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ መጋቢት 10 ቀን 2008 ዓ.ም. ዳግም ተከፈተ። አንዳንድ የቴክኒክ ማሻሻያዎች ተደርገውለት፣ በተለይም አንዴ ከቆመ በኋላ ዳግም ለማስነሣት ከፍ ካለ ኃላፊ ፈቃድ እንዲጠየቅ ሥርዓት ተሠርቶለት ነበር። በተከፈተበት ቀንም ሰው ተሰለፈ። ልብ በሉ፤ ኩባንያው በፍርድ ቤት ጥፋቱን ያመነው ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ነው፤ የ5 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት የተፈረደበትም መስከረም 17 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ማለትም ሠረገላው መንዳት የጀመረው ዳኛው ፍርዱን ከመስጠቱ ከስድስት ወር በፊት ነበር። ይህ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ማሽኑ ይስተካከል አይስተካከል የሚለውና ጥፋተኛው ማን ነው የሚለው የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸውና። ለተጎዱት ቤተሰቦች ግን የተሳፋሪው ሰልፍ ከፍርዱ ቀድሞ መምጣቱ ቀላል ነገር አይመስለንም።

ውድ አንባቢያን፣ «ይህ የሩቅ አገር ጨዋታ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም ብንሆን ይህንኑ ጥያቄ ይበልጥ በከፋ መልኩ በራሳችን አገር አይተነዋል። ያውም ለጨዋታ ሳይሆን ለኑሮ፣ ለሐጅና ለዑምራ፣ ለሥራ ፍለጋና ዘመድ ለመጠየቅ በምንሳፈረው ነገር ላይ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን 157 ሰዎች ይዞ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ከቢሾፍቱ አካባቢ ቱሉ ፈራ በተባለ ሥፍራ እርሻ ላይ ወደቀ። ከሠላሳ በላይ የሚሆኑ አገሮች ዜጎች ነበሩበት፤ አንድም የተረፈ አልነበረም። አብራሪው ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት ነበር፤ ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድ ደግሞ 25 ዓመቱ ነበር። ካፒቴኑ ከ8000 ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነው።

አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ያው ዓይነት አውሮፕላን ከኢንዶኔዥያ ዋና ከተማ ከጃካርታ ተነሥቶ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። ያ አደጋ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከበረራ አልታገደም። ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ ተጻፈ፣ ሥራው ቀጠለ። ከኛው አደጋ በኋላ ቻይናና የኛው አየር መንገድ በማግሥቱ አውሮፕላኖቹን አቆሙ፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ አሜሪካ መጋቢት 4 ቀን በመጨረሻ አቆመች። ሰው ሁለተኛ እስኪሞት የተጠበቀበት ይህ ጊዜ ነው በዚህ ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለን።

ችግሩ ምን ነበር? የማክስ ሞተሮች ከቀድሞዎቹ የገዘፉ ስለሆኑ ከክንፉ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፍተው ተተከሉ። በዚህም ምክንያት አውሮፕላኑ በአንዳንድ ሁኔታ አፍንጫውን ቀና የማድረግ ጠባይ አመጣ። ይህን ጠባይ ለማረም ኤምካስ የሚባል፣ በራሱ እየታዘዘ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋ የኮምፒውተር ሥርዓት ተገጠመለት። ሥርዓቱ የሚሰማው ግን አውሮፕላኑ ከነፋሱ ጋር ያለውን ማዕዘን ከሚለኩት ሁለት መሣሪያዎች የአንዱን ቃል ብቻ ነበር። ያ አንዱ ከዋሸ ሥርዓቱም አብሮት ይዋሻል። የሚያስደንቀው ደግሞ፣ ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት ኤምካስ የሚባል ነገር ስለ መኖሩ የአብራሪዎቹ መመሪያ አይገልጽም ነበር። አንድ ምስክር ብቻ ይዞ የሞት ፍርድ እንደሚፈርድ ቃዲ ማለት ነው። የስማይለር ኮምፒውተር እውነቱን ተናግሮ ሰው ሻረው፤ የማክስ ኮምፒውተር ግን ሐሰት ይዞ ሰዎቹ ሊሽሩት ሲታገሉ እሱ እየደጋገመ አሸነፋቸው።

መጋቢት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ወይዘሮ ዳግማዊት ሞገስ የመጀመሪያውን የምርመራ ዘገባ ሲገልጹ፣ አብራሪዎቹ ከአምራቹ የተሰጠውን ሥርዓት ደጋግመው ቢፈጽሙም አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንዳልቻሉ ተናገሩ። ይህ ዘገባ ለሁለት ወጣቶች ስም ክብር የቆመ ነበር፤ በውጭ አገር «ልምድ ያነሳቸው የድሃ አገር አብራሪዎች» የሚል ሹክሹክታ ወዲያው ተነሥቶ ነበርና። ታኅሣሥ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በወጣው የመጨረሻ ዘገባ ላይ የአሜሪካና የፈረንሣይ መርማሪዎች ሁሉንም አልተስማሙበትም። አሜሪካኖቹ መለኪያውን የጎዳው ወፍ ሳይሆን አይቀርም፣ የአብራሪዎቹም አያያዝ በደንብ አልተመረመረም አሉ። የኛዎቹ ደግሞ ችግሩ ከአውሮፕላኑ የኤሌክትሪክ ብልሽት የመነጨ መሆኑን ጻፉ። ኤምካስ አፍንጫውን መድፋቱ የአደጋው ምክንያት አካል ስለ መሆኑ ግን ክርክር የለም። መርማሪ ከመርማሪ ጋር በአደባባይ መከራከሩን እንደ ነውር የሚያዩ አሉ። እኛ ግን ከዝምታ ስምምነት ይህ ክርክር ይሻላል እንላለን።

ሌላም የታወቀ ነገር አለ። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ መስከረም 2013 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ የአየር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የምርመራ ሥራውን ብዙ ክፍል ለራሱ ለኩባንያው ሠራተኞች አሳልፎ ይሰጥ እንደነበር ተመልክቷል። በኋላም ቦይንግ ሁለት ሠራተኞቹ ስለ ኤምካስ ተቆጣጣሪዎችን ማታለላቸውን አምኖ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ተስማማ። ነጋዴው ሚዛኑን ራሱ እንዲመረምር ቢፈቀድለት ምን እንደሚሆን ለማወቅ የቅዳሜ ገበያችንን ያየ ሰው ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገውም።

ስለ ሐዘኑ ጥቂት እንበል። አስከሬን አልተገኘም፤ የተገኘውንም ለመለየት ወራት የሚፈጅ የዘር ምርመራ አስፈለገ። በዚያ ሰሞን ቤተሰቦች እንዲቀብሩት የተሰጣቸው ከወደቀበት ጉድጓድ የተዘገነ አፈር ነበር። ማጠብና መከፈን፣ ቀብር ላይ ቆሞ ዱዓ ማድረግ ለለመድን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ መግለጽ አያስፈልግም። በዚህ ጊዜ አጽናኝ የሚለው «የአላህ ቀደር ነው» ነው፤ እውነትም ነው፣ መባልም አለበት። ነገር ግን ይህንኑ ቃል ከልቅሶው ቤት አውጥተን ወደ ጋራዡ፣ ወደ ፋብሪካውና ወደ ተቆጣጣሪው ቢሮ ይዘነው ስንሄድ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ጠያቂውን ዝም ያሰኛል። በሐዘንተኛው ደጃፍ ላይ መጽናኛ የነበረው ቃል፣ በአጥፊው ደጃፍ ላይ መሸሸጊያ ይሆናል። ግመሉን ሳያስር ሊመካ ስላሰበው ሰው የተነገረውን የማያውቅ አንባቢ የለንም ብለን እናምናለን፤ ገመዱንና ካስማውን መመርመር ከተወኩል ውጭ አይደለም።

አሁን ወደ መክፈቻው ቀን እንምጣ። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማክስን ዳግም እንዲበር የፈቀደው ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይኸውም ከ20 ወራት እገዳ በኋላ መሆኑ ነው። የተለወጠውን በአጭሩ እንግለጽ። ኤምካስ አሁን ሁለቱን መለኪያዎች ያመሳክራል፤ ካልተስማሙ አይሠራም። ሲሠራም በአንድ አጋጣሚ አንዴ ብቻ ይደፋል እንጂ አይደጋግምም፤ አብራሪው መሪውን ስቦ ሊቋቋመው ከሚችለው በላይም እንዲደፋ አልተፈቀደለትም። አንዳንድ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ተነጣጥለው ዳግም ተዘረጉ። አብራሪውም ቀድሞ በኮምፒውተር ላይ በሚሰጥ አጭር ትምህርት ያልፍ የነበረው፣ አሁን በሲሙሌተር ገብቶ እንዲለማመድ ግድ ሆነ። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ ስቲቭ ዲክሰን የቀድሞ አብራሪ ነበሩና መስከረም 20 ቀን 2013 ዓ.ም. ራሳቸው አብራሪው ወንበር ላይ ተቀምጠው አበረሩት። በአሜሪካ ያሉ የሟች ቤተሰቦች ግን ፈቃዱን ተቃወሙ፤ የምርመራው ሰነድ ሁሉ ለሕዝብ አልተገለጠም የሚል ነበር ከቅሬታቸው አንዱ። ይህ ቅሬታ ሚዛን የሚደፋ ነው። «መርምረነዋል፣ እመኑን» እና «መርምረነዋል፣ እዩት» በመካከላቸው ሰፊ ርቀት አለ።

የኛ አየር መንገድ አልቸኮለም። በወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት አቶ ተወልደ ገብረማርያም፣ ማክስን ወደ ሥራ ከሚመልሱት አየር መንገዶች ከመጨረሻዎቹ መካከል እንሆናለን ብለው ነበር፤ እንዳሉትም ሆነ። ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ ሲደረግ የቦርዱ ሰብሳቢ፣ አቶ ተወልደ ራሳቸው፣ ሌሎች ኃላፊዎች፣ የቦይንግ ሰዎች፣ የመንግሥት ባለሥልጣናት፣ አምባሳደሮችና ጋዜጠኞች ተሳፈሩ። ቀኑን እኛ የአዊ ሰዎች በቀላሉ እናስታውሰዋለን፤ የፈረሰኞቻችን በዓል በየዓመቱ እንጅባራ ላይ የሚከበረው ጥር 23 ነውና፣ በማግሥቱ መሆኑ ነው።

ፈረስን ካነሣን አይቀር፣ ለእኛ ይህ ሥርዓት እንግዳ አይደለም። ጋላቢውን የጣለ ፈረስ ዳግም ሜዳ ሲወጣ፣ ኮርቻው፣ እርካቡና ልጓሙ ይታያል፤ ሰኮናው ይነሣል፤ ፈረሱ ደንግጦ ነው ወይስ ቆስሎ ነው ይባላል። ከዚያም ባለቤቱ ራሱ ይቀመጥበታል። የጎረቤት ልጅ አስቀምጦ የሚሞክር ሰው ቢኖር ዕድሩም ማኅበሩም ምን እንደሚለው እናውቃለን።

ይሁን እንጂ የባለቤቱ መቀመጥ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አለቃው መሳፈሩ ማመኑን ያሳያል፤ ማመኑ ልክ መሆኑን ግን አያሳይም። በኢንዶኔዥያው አደጋና በኛው መካከል በነበሩት ወራት አውሮፕላኑን የሠሩትም ሰዎች በዚያው አውሮፕላን ይሳፈሩ ነበር ቢባል የሚገርም አይሆንም። የኛን በረራ ክብደት የሰጠው ሰዎቹ መሳፈራቸው ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ትዕግሥት በኋላ፣ ምን እንደተለወጠ በዝርዝር ከታወቀ በኋላ መምጣቱ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ትርኢት ይሆን ነበር። አየር መንገዱ ኅዳር 2016 ዓ.ም. ዱባይ ላይ 20 ተጨማሪ ማክስ ማዘዙን ስንሰማ፣ ቢያንስ በእሱ በኩል ጥርጣሬው ማለፉን ተረድተናል።

ይህን ሁሉ የምንለው ስለ አውሮፕላን ለመጨነቅ ብቻ አይደለም። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ባለው መንገድ ላይ አንድ ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ተገልብጦ ሰው ሲጎዳ፣ መኪናው ወደ ጋራዥ ይጎተታል፤ የተጣመመው ይቃናል፤ ቀለም ይቀባል። ከወራት በኋላ በዚያው መንገድ ላይ «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጠራል። ቀለሙ ተለውጧል፤ ፍሬኑስ? ሾፌሩ ከስንት ሰዓት እንቅልፍ በኋላ ነው የወጣው? ባለ መኪናው ለሾፌሩ የሚከፍለው በጉዞ ቁጥር ከሆነ፣ ፍጥነቱን የሚያዝዘው ማን ነው? እነዚህን የሚጠይቅ ተሳፋሪ «ነገረኛ» ይባላል። ለኢድ ሰሞን ሕፃናትን የምናሳፍርበትን ዥዋዥዌና ተሽከርካሪ መጫወቻም እንዲሁ። አባት ዋጋውን ይከራከራል፣ ብሎኑን አያይም። እናት ግን ታያለች፤ ይህን በብዙ ቤት ታዝበናል። ስታይም «ልጆቹን አታስፈራሪ» ትባላለች። እንግዲህ ቤተሰብ ውስጥ ብልሽት የምታየውን ሰው ዝም ካሰኘን፣ ስማይለር ላይ የተሻረውን ኮምፒውተር ቤታችን አስቀምጠን ሻርነው ማለት ነው።

ይህን ርዕስ ለተማሪዎቻችን በክፍል አንሥተንላቸው ነበር። በክፍሉ አውሮፕላን የተሳፈረ ተማሪ አልነበረም፤ ባጃጅና አይሱዙ ግን ሁሉም ያውቃል። «ተስተካክሏል ብትባሉ ትሳፈራላችሁን?» አልናቸው። ግማሾቹ «እንሳፈራለን፣ አጀል ካልደረሰ አንሞትም» አሉ። አንዱ «ትኬቱን ከከፈሉልኝ» ብሎ አሳቀን። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ግን «ምን እንደተበላሸ ከነገሩኝ፣ ያስተካከለው ሰውም ሌላ፣ ያየው ሰውም ሌላ ከሆነ እሳፈራለሁ» አለች። ከየት እንዳመጣችው ስንጠይቃት፣ አባቷ ወፍጮ ቤት እንዳለው፣ ቀበቶው ሲበጠስ የጠገነው ሠራተኛ ሳይሆን ሌላኛው አይቶ እንደሚያስነሣው ነገረችን።

ከዚያም ታኅሣሥ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ነገርናቸው። የአላስካ አየር መንገድ ንብረት የሆነ ማክስ 9 አውሮፕላን ከአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ በር ቦታ ላይ የተገጠመ መዝጊያው በአየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ። አልሐምዱሊላህ፣ የሞተ ሰው አልነበረም። መርማሪዎቹ መዝጊያውን መያዝ የነበረባቸው አራት ብሎኖች እንዳልነበሩ ደረሱበት። አውሮፕላኖቹ እንደገና ቆሙ፤ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ አንድ በአንድ እየተመረመሩ እንደገና በረሩ። የዚህኛው ችግር ከኤምካስ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ያኔ በ20 ወራት ምርመራ የተፈተሸው ሌላ ነገር ነበር።

የወፍጮ ቤቱ ልጅ እጇን አነሣች። «ብሎኖቹን ማን ነው ፈትቶ ሳይመልሳቸው የቀረ?» አለች። እኛም ያለውን ነገርናት። መዝጊያው ፋብሪካ ውስጥ ለሌላ ጥገና ተከፍቶ ነበር፤ ማን እንደከፈተውና ማን እንደዘጋው የሚገልጽ መዝገብ ግን መርማሪዎቹ ቢፈልጉም አላገኙም።